ቅንፍ ውስጥ፦ በሹፈት

አሁንም አልሆነለትም፣ ይኸው፣ በሹፈት በል ተብሎ በቅንፍ ተጽፎለት፣ ዓይን ያለው ሁሉ እንዲያየው ተደርጎ ተጽፎለት፣ ባሏ አንጀት በሚበላ ድምፅ ይለዋል፣ እንኳን መጣሽልኝ፣ ያለ አንቺ ይሄ ቤት ቤት አይደለም፣ እሷ ደግሞ ከመስታወቱ ወዲህ ተቀምጣ እርሳሷን በጥርሷ ነክሳ ታዳምጣለች፣ ቃሉንም ቅንፉንም የጻፈችው እሷ ናት፣ ደራሲዋ፣ የሬዲዮ ድራማ ስትጽፍ ስንት ዘመኗ፣ የባሏን ድምፅ ሳታስብ የጻፈችው ወንድ የለም፣ የት ጋ እንደሚሻክር ታውቃለች፣ የት ጋ ምራቁን እንደሚውጥ ታውቃለች፣ እና ይሄ ሹፈት አይደለም። በፍጹም። ይሄ ሌላ ነገር ነው፣ ስሙን አትጥሪው፣ አንቺ ሴትዮ ስሙን አትጥሪው፣ ከጠራሽው ተደላድሎ ይቀመጣል።

ድገመው፣ ይላል አዘጋጁ የመነጋገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ፣ ባሏ ከመስታወቱ ማዶ ራሱን ይነቀንቃል፣ እሺ ጋሼ፣ ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ እና ከፊቱ የቆመችውን ተዋናይ ልጅ ያያታል። እዚህ ላይ ነው፣ እዚህችው ላይ፣ ከመናገሩ በፊት ያያታል፣ ወረቀቱን ማየት ሲገባው እሷን፣ ሰው ሊያሾፍ ሲል እንዲህ አያይም፣ ሰው ሊያሾፍ ሲል ዓይኑን ጠበብ፣ አገጩን ቀና ያደርጋል፣ ይሄ ግን ዓይኑ ረገብ ይላል፣ እንኳን መጣሽልኝ፣ ደግሞ ጨመረበት፣ ይባስ ብሎ ጨመረበት!

ታሪኩ እኮ ቀላል ነው። ሴትዮዋ ባሏን ጥላ ሄዳለች፣ የተሻለ አገኘሁ ብላ፣ የተሻለው ሲጥላት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ተመልሳ በር ታንኳኳለች፣ ባልየው ይከፍታል፣ እንኳን መጣሽልኝ ይላታል፣ በሹፈት፣ እና እዚያው ደጃፍ ላይ አቁሟት ይቀራል። ያቺ ሹፈት ከሌለች ድራማው ሌላ ድራማ ነው፣ ሴትዮዋ ገባች፣ ታረቁ፣ ተቃቀፉ፣ ከዚህ ወዲያ ያሉት ክፍሎች ሁሉ ፍቅር ሊሆኑ ነው፣ እና የሚፋቀሩት እነማን ናቸው፣ ባሌና ቅንፍ፣ በየሳምንቱ፣ በዚያች መስኮት አልባ ክፍል፣ በአንድ ማይክሮፎን ግራና ቀኝ ቆመው፣ እኔ ቁጭ ብዬ የሚባባሉትን እየጻፍኩላቸው። የኔ ማር ልጻፍላቸው? ጉድ እኮ ነው።

ቅንፍ ማለት ልጅቷ ናት፣ ማይክሮፎኑ ጋ የቆመችው። ስሟ አይደለም፣ የመጣች ቀን ያገኘችው ነው፣ ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ ስታነብ ቅንፉንም አብራ አነበበችው፣ በሹፈት አሃ መጣህ እንዴ፣ ብላ እርፍ፣ ጆሮ የምንለው ድምፅ ቀጂ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው፣ አዘጋጁ መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ፣ ልጅቷ የምትገባበት ጠፋት። እዚህ ሥራ ላይ አዲስ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሠራታል ያቺን ስህተት። ሁላችንም ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ያ ነው ነገሩ፣ ሁላችንም ስንስቅ እሱ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ የሆነ ነገር አላት፣ ያኔ እሷ ሳቀች፣ ምን እንዳላት እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም፣ ለምን ብዬ፣ ምን አገባኝ፣ ኧረ ምን ብሎኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ሁሉም ቅንፍ ይላታል፣ ጆሮ ቅንፍ ሲላት ያሾፍባታል፣ አዘጋጁ ቅንፍ ሲላት ይገስጻታል፣ ባሌ ቅንፍ ሲላት ግን እናቷ ያወጣችላት ስም ነው የሚመስለው።

ደግሞ ካልሲው። እዚያ ክፍል ማንም በጫማ አይገባም፣ የጫማ ድምፅ ይቀዳል፣ በር ላይ ይወልቅና ሁሉም በካልሲ ነው የሚሠራው፣ ባሏ ግራጫ ካልሲ አድርጓል፣ ተረከዙ ሰማያዊ፣ አዲስ፣ እሷ ያልገዛችው። የዚህን ሰውዬ ካልሲ ከተጋቡ ጀምሮ የገዛው ማን ነው? ራሱ አንዴ ገዝቶ አያውቅም፣ የእግሩን ቁጥር እንኳ እሷን ነው የሚጠይቀው፣ አሁን ተረከዙ ሰማያዊ የሆነ ካልሲ። ለማን? ለሬዲዮ አድማጭ? ማክሰኞ ዕለት ደግሞ ጺሙን ተላጨ፣ በሬዲዮ ጺም አይታይ፣ ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ የምትሞላለትን ፔርሙስ ትናንት ልጅቷ በክዳኑ ስትጠጣበት አይታለች፣ በዓይኗ በብረቱ፣ ጉሮሮዋ እንዳይደርቅባት ነው አለ፣ ጉሮሮዋ! የኔ ጉሮሮ ሲደርቅ ውሃ ጠጪ ብሎኝ የሚያልፍ ሰውዬ። ወረቀት ሳይንኮሻኮሽ እንዴት እንደሚገለጥ ያስተማራትም እሱ ነው፣ ጥጓን አጠፍ ታደርጊያታለሽ፣ እንዲህ፣ ቀስ፣ ጣቷን ይዞ።

አንቺ ልጅ እኔን እርስዎ ትይኛለሽ፣ እሱን አንተ። እትዬ እርስዎ እዚህ ይቀመጡ፣ እትዬ ይሄ ቃል እንዴት ነው የሚነበበው ይንገሩኝ፣ ዞር ብለሽ ደግሞ አንተ፣ ወረቀቴን አየኸው? በአራት ዓመት ይበልጠኛል እኮ! እሱ ነው ታላቄ! እሱ አንተ ሆኖ እኔ እርስዎ የሆንኩት በየት በኩል ነው፣ ወይስ ሚስት ስትሆኚ ብቻሽን ታረጂያለሽ። አክብራኝ ነው፣ አውቃለሁ፣ አስተዳደግ ያላት ልጅ ናት፣ ይሄ ደግሞ የባሰ ያናድዳል፣ ባለጌ ብትሆን ምን ነበረበት፣ ጠልቻት በተገላገልኩ።

ድገመው። እንኳን መጣሽልኝ። አሁን ደግሞ ሊያሾፍ ብሎ አፍንጫውን ነፋ፣ ድምፁን አቀጠነ፣ ይሄማ ማላገጥ ነው፣ ሕፃን ልጅ የሚያደርገው፣ ጋሼ ይሄ ማላገጥ ነው፣ ትላለች ጮክ ብላ፣ አዘጋጁ ሰምቻለሁ እንደማለት እጁን ያነሳል። እዚህ ቤት ያለ ሰው ሁሉ አንድ ይመስለዋል፣ ፌዙም ሹፈቱም ለበጣውም፣ ለእሷ ግን አንድ ሆኖ አያውቅም። ፌዝ ሥራ ፈት ነው፣ ማንንም ሳይነካ ያልፋል፣ ብቻህን ሆነህም ታፌዛለህ። ለበጣ ከንፈር ላይ ነው፣ ጥርስ ይስቃል ሆድ አይስቅም። አሽሙር የሚላከው ወዲያ ማዶ ተቀምጦ ለሚሰማው ነው፣ አንዱን ጠርተህ ሌላውን ትወጋለህ፣ የእናቷ እህት የተካነችበት ነበር፣ ቤት ሙሉ እንግዳ ተቀምጦ አንዷ ብቻ ትቆስላለች። ምፀት የተማረ ሰው ቃል ነው፣ ቅንፍ ውስጥ ብትጽፈው ተዋናዮቹ ምን ማለት ነው ብለው ይሰበሰባሉ። ሹፈት ግን፣ ሹፈት ፊት ለፊት ነው፣ ሁለት ሰው ይፈልጋል፣ ቃሉ አይለወጥም፣ አንዲት ፊደል አትለወጥም፣ እናቷ ብርጭቆ ከእጇ ሲያመልጣት ጎበዝ! ትላት ነበር፣ ጎበዝ የኔ ልጅ፣ ተባረኪ፣ እንግዳ ቢሰማ ምርቃት ነው፣ እሷ ግን ገና በልጅነቷ ታውቀዋለች፣ ጎ ላይ ጠበቅ ስትል፣ ፈገግታው ከቃሉ ቀድሞ ሲወጣ። እሜቴ ብሎ ከልቡ የሚጠራሽ ሰው አሁን የት ይገኛል፣ እሜቴ ተነሱ እንጂ፣ ጌታው ተመቸዎት? ቃሉ ራሱ ሲሾፍበት ሲሾፍበት ሌላ መሆን አቅቶት ቀረ።

እና አንድ ነገር አለ፣ ከማንም በላይ እሷ የምታውቀው፣ የማታውቀው ሰው ላይ ማሾፍ አይቻልም። መሳቅ ትችላለህ፣ መስደብ ትችላለህ። ለማሾፍ ግን ያ ሰው የት ጋ እንደሚያመው ማወቅ አለብህ።

ደራሲ፣ ይላል አዘጋጁ፣ ወንበሩን ወደ እሷ አዙሮ፣ ለምን አንሰርዘውም? ምኑን ጋሼ? ሹፈቱን፣ ቅንፉን ብቻ፣ ቃሉ ይቆይ፣ አዳምጠሽዋል? ከልቡ ሲለው እኮ ፀጉር ያቆማል፣ እኔ ሽማግሌው ልቤ ተንሰፈሰፈ፣ ትግባና ይታረቁ፣ አድማጩ ይወድልናል። ድምፅ ቀጂው ጆሮም ማዳመጫውን አነሳ አድርጎ አዎ እትዬ፣ እውነቱን ነው፣ ሲባል ደስ ይላል። ደስ ይላል! የቤቱ ደንብ ነው፣ ያለ ደራሲዋ ፈቃድ ቅንፍ አይነካም፣ እርሳሱ በእጇ ነው፣ አንዲት መስመር ከወዲህ ወዲያ ብታሰምር በቃ፣ ድራማው ያምራል፣ ያምራል እኮ፣ እሷም ይሰማታል፣ ጆሮ አላት፣ እንዲያ ያለ እንኳን መጣሽልኝ በሬዲዮ ተሰምቶ አያውቅም፣ እና ለዚያ ነው የማትሰርዘው፣ ሞታ ትገኛለች እንጂ አትሰርዘውም። አይሆንም ጋሼ፣ ትላለች፣ ሰውየው ክብር አለው፣ ጥላው የሄደችን ሴት እንዲህ አይቀበልም። እንዴት ያለ ሙያዊ ምክንያት፣ ጎሽ፣ አንገቷንም ቀና አደረገች። አዘጋጁ ለረጅም ጊዜ ያያታል፣ ሽማግሌ ነው፣ ብዙ ተዋናይና ብዙ ሚስት አይቷል፣ በይ እንግዲህ፣ ሻይ ጠጥተን እንመለስ፣ ከዚያ ካልመጣለት እኔው እሰርዘዋለሁ ይላል።

ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል ባሏ፣ በዚያ ካልሲው፣ ምነው፣ ትለዋለች፣ ምነው እምቢ አለህ? እንጃ፣ አልመጣልህ አለኝ። ስንቱን ስታሾፍበት የኖርክ ሰውዬ። እሱማ ነው፣ ግን ምን መሰለሽ፣ በሩን ስከፍት ስታየኝ አምናኝ ነው የምታየኝ፣ ከልቧ ነው የምትጫወተው፣ ልታለቅስ ምንም አይቀራት፣ በዚያ ፊት ላይ እንዴት ብዬ ላሹፍ? ይላል፣ እንደ ዋዛ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ፣ ሰውየው ምን እንዳለ አያውቅም፣ ሚስቱ ፊት ቆሞ በዚያ ፊት ላይ እንዴት ብዬ ላሹፍ ይላል፣ ቢላ ሰክቶብኝ እጀታውን ያወዛውዛል፣ ትወና ነው እኮ፣ ትላለች ድምፅዋን አለስልሳ፣ አውቃለሁ ትወና መሆኑን፣ ታዲያ? ታዲያማ ይሄው። ካልሲህ አዲስ ነው? ትለዋለች። ካልሲዬ? ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ኧ፣ አሮጌው ተቀዶ ትልቁ ጣቴ ወጥቶ ጆሮ ሲስቅብኝ ጊዜ ማዶ ካለው ሱቅ ገዛሁ፣ ምነው? ምንም፣ ያምራል። በቃ ይኸው ነው፣ ጣቱ ወጥቶበት ነው፣ ደስ ሊላት ይገባ ነበር፣ አላላትም፣ የተጣራ ነገር አለመኖሩ ነው የሚያንገበግባት፣ ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ፣ ሽቶ የለ፣ ቢኖር ኖሮ ጮኻ፣ አስለቅሳ፣ አልቅሳ ይወጣላት ነበር፣ በድምፅ ቃና ማን ይከሰሳል? ሄዳ ለማን ልትናገር ነው፣ ባሌ ማሾፍ አቃተው ልትል?

ሲመለሱ እሷ ናት ያለችው፣ ጋሼ እኔ ልግባ፣ ላሳየው። ልጅቷ ወዲህ ትውጣና ትመልከት፣ እኔ ሴትዮዋን ልሁንለት። አዘጋጁ ትከሻውን ይሰብቃል፣ ግቢ፣ ምን ገዶኝ። በር ላይ ጫማዋን ታወልቃለች፣ ወለሉ ይቀዘቅዛል፣ ከክፍሉ የሚወጣው አየር የልጅቷን ቅባት ይሸታል፣ ርካሽ ነው፣ ግን ጥሩ ሽታ ነው፣ ልጅቷ ስታልፍ በሹክሹክታ ያግዙት እትዬ፣ በጣም ተጨንቋል ትላታለች፣ ተጨንቋል፣ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ማይክሮፎኑ ለልጅቷ ቁመት ዝቅ ተደርጓል፣ ጆሮ ከፍ ላድርገው ወይ ይላል፣ ተወው፣ እኔ ዝቅ እላለሁ።

እና ቆመች። ባሏ ፊት ለፊቷ፣ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት፣ ስንት ጊዜዋ ነው እንዲህ ፊት ለፊት ካየችው፣ ቤት ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚኖሩት፣ አንዱ ሲያጥብ አንዱ ሲያደርቅ፣ አንዱ ሲተኛ አንዱ ሲያነብ፣ ፊቱ ላይ ያላየችው መስመር አለ፣ ተላጭቷል፣ ያምራል የኔ ጅል፣ ዓይኑ ቡና ዓይነት እንደነበር ረስታው ነበር። አሁን ታያለህ፣ ልጅቷን እንደምታያት እኔንም ታየኛለህ፣ ያኔ አንተም አትችልም፣ እዚህም ይያዝሃል፣ በዚህ ፊትም ላይ እንዴት ብዬ ላሹፍ ትላለህ፣ እንዲያ ካልክ፣ እምልህ ራሴ እሰርዘዋለሁ፣ እርሳሱ በኪሴ ነው፣ ቅንፉን በእጄ እሰርዘዋለሁ፣ ፍቅሩንም እጽፍላችኋለሁ፣ ስንት ክፍል እንደፈለጋችሁ፣ ማሩንም ወለላውንም። ለዚህ ነው የገባችው። ልታሳየው አይደለም። አሁን ገና ነው ለራሷም የገባት፣ እንዲያቅተው ልትለምን ነው የገባችው።

ይቀዳል፣ አለ አዘጋጁ። በጣቷ ጠረጴዛውን አንኳኳች። እኔ ነኝ፣ አለች፣ ክፈትልኝ፣ ድምፅዋ በራሱ ተንቀጠቀጠ፣ አልጨመረችበትም፣ ዓይኑን አየችው፣ አየኝ፣ በናትህ አየኝ፣ አየት አደረጋት።

እንኳን መጣሽልኝ፣ ያለ አንቺ ይሄ ቤት ቤት አይደለም።

ወጣ። እንዴት ያለ አወጣጥ፣ ፈገግታው ቀድሞ፣ ትንሽ አየር በአፍንጫው፣ ልኝ ላይ ጎተት፣ ሁለተኛው ቤት ላይ ጠበቅ፣ ሳይቀጥን ሳይወፍር፣ ሳይለፋበት፣ የገዛ ድምፁ፣ የየዕለቱ ድምፁ፣ ማስተማሪያ ሆኖ ሊቀመጥ የሚችል ሹፈት። መስታወቱ ማዶ ጆሮ አውራ ጣቱን ቀሰረ፣ አዘጋጁ ቁልፉን ተጭኖ ይኸው! ይኸው! ተገኘ! እያለ ጮኸ፣ ልጅቷ አጨበጨበች፣ ባሏ ፊቱ በራ፣ ፈተና እንዳለፈ ተማሪ፣ ልክ ነው አይደል? አሁን ልክ ነው? ልክ ነው፣ አለችው። በአንዴ መጣልኝ እኮ! አንቺን ሳይ በአንዴ! አዎ፣ በአንዴ መጣልህ።

አሸነፍኩ እኮ። ቅንፉ ሊቀር ነው፣ ሴትዮዋ ደጃፍ ላይ ልትቀር ነው፣ ፍቅር የለም፣ ማር የለም፣ በየሳምንቱ መተያየት የለም፣ የፈለግሁት ሆነ፣ እሰይ፣ ደግ አደረግሁ። ደግሞ ከየት መጣ ይሄ ድምፅ፣ ዛሬ ጠዋት ነው፣ እጄን ስታጠብ ከኋላዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር፣ ቁልፉን ሳገኝለት ያለው፣ ፈገግ ብዬ አልፌው ነበር፣ ጠኝ ላይ ጎተት አላደረገም? ነበር ላይ? የትናንቱ፣ ዛሬማ አምሮብሻል፣ ማ ላይ። አንቺ ካልሽማ ልክ ነው። እሜቴ ምን ይታዘዙ። ሐሳብሽን ሁሌም አደንቃለሁ፣ ይሄንን ያለው እንግዶች ፊት ነው፣ እንግዶቹ እንዴት ያለ ባል ነው አሉ። እኔስ፣ እኔም ጌታው ቀረበልዎት እለው የለ፣ የኔ ብልህ እለው የለ መንገድ ሲስት፣ ማን ጀመረው፣ መቼ፣ በቀልድ ነበር የጀመርነው፣ ሁለታችንም ስቀን ነበር፣ ከልባችን፣ እና አንድ ቀን ሳቁ ሲሄድ ቃናው ቀረ፣ አንዳችንም ሳናስተውል። አንድ ፈልጊ። አንድ ቅንፍ የሌለበት ዓረፍተ ነገር ፈልጊ፣ የዚህን ሳምንት፣ እሺ የዚህን ወር፣ በካልሲው ምንም አልያዝሽም፣ ይሄንን ፈልጊ፣ ለልጅቷ ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ ያላት እንዲያ ያለ ነበር፣ ቅንፍ የሌለው፣ ምንም ይሁን ምን፣ አይዞሽ እንኳ ቢሆን፣ አይዞሽ ነው ያላት፣ አሁን ሰማሁት፣ ሌላ ምን ይላታል፣ አይዞሽ፣ በቃ፣ እኔ በአይዞሽ ነው የምቀናባት።

ልጅቷ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች፣ ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ እትዬ፣ በጌታ፣ እንዴት አድርገው ነው ያስባሉት? ከእኔ ጋር እኮ ስንት ሰዓት ለፋን፣ ምን አደረጉት? ፊት ነው? ዓይን ነው? ያስተምሩኝ። ፊቷ እውነተኛ ነው፣ ተንኮል የሚባል አልፎበት አያውቅም፣ በዚያ ፊት ላይ እንዴት ብሎ ያሹፍ፣ እውነቱን ነው ሰውዬው፣ እኔም አልችልም፣ ልሞክር ብል እኔም አልችልም።

ትምህርት የለውም የኔ ልጅ፣ አለቻት፣ አሥራ አንድ ዓመት አብረሽው መኖር ነው።

ልጅቷ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ሳቀች፣ ባሏም ሳቀ፣ ከመስታወቱ ማዶ ጆሮ ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ አዘጋጁ ብቻ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እሷ ቦታውን ለቀቀች፣ ነይ፣ ቁሚ፣ የሚቀጥለው የአንቺ ነው።